የኢንዲያና ነገር

ሰላም ለሁላችሁ፣ እንዴት ሰነበታችሁ?

ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካን ፉትቦል (የአሜሪካ ኮሌጆች ውድድር) በ2023 ከ12 ጨዋታ 9ኙን የተሸነፈ ቡድን ነበር። አዲሱ ዋና አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲ ገና እንደመጣ «እኔ አሸንፋለሁ፤ ጉግል አድርጉኝ» ሲል፣ ጉራ ነው ብዬ ስቄበታለሁ። አፌን አስያዘኝ!

በ2024 የመጀመሪያዎቹን 10 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። ከነበረበት ጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ የሚያውቃቸውን ልጆች ይዞ መምጣቱ በጣም ጠቅሞታል። ኳርተርባኩን (ማጥቃቱን የሚመራውን፣ ኳስ የሚወረውረውን ተጫዋች) ኩርቲስ ሩርክን ደግሞ ከኦሃዮ ዩኒቨርሲቲ አገኘ። የጎረቤት ባላንጣውን ፐርዱን 66 ለ 0 አደባየው። (ለፐርዱ ደጋፊዎች እግዜር ያጽናችሁ።)

ኦሃዮ ስቴት (ይሄ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ነው) ግን 38 ለ 15 ረታው። በአገር አቀፉ ሻምፒዮና ጥሎ ማለፍም ኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ 27 ለ 17 አሰናበተው። 11 ድል፣ 2 ሽንፈት። ከ2023ቱ ጋር ስታስተያዩት ግን ማን ያማርራል?