በሬድ ሮክስ ስለሚደረገው የተማሪዎች የእግር ጉብኝት ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ የተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

የ6ኛና የ7ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ቅዳሜ ከዴንቨር በስተምዕራብ፣ በሞሪሰን ከተማ አቅራቢያ የሚገኘውን የሬድ ሮክስ አምፊቲያትር በአስጎብኚ እየተመሩ በእግራቸው እንዲጎበኙ መወሰናችንን በአክብሮት እንገልጻለን። ብዙዎቻችሁ ቦታውን የምታውቁት በሙዚቃ ዝግጅቱ እንደሚሆን እንገምታለን፤ የእኛ ዓላማ ግን መድረኩ ባዶ በሆነበት ሰዓት ልጆቹ ዐለቱን ራሱን እንዲመረምሩ ነው።

መድረኩንና መቀመጫውን ከግራና ከቀኝ አቅፈው የቆሙት፣ እያንዳንዳቸው ወደ 90 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ያላቸው ክሪኤሽን ሮክና ሺፕ ሮክ የተባሉት ሁለት ቋጥኞች፣ ዕድሜው 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነ የአሸዋ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ከዛሬዎቹ የሮኪ ተራሮች አስቀድሞ በዚያው አካባቢ የነበሩት ጥንታዊ ተራሮች ሲሸረሸሩ ውኃው ያወረደው አሸዋና ጠጠር በግርጌያቸው ተከማችቶ ቀስ በቀስ ወደ ዐለትነት ተለወጠ፤ የአሁኖቹ ተራሮች ሲነሡ ደግሞ አግድም ተነጥፎ የነበረው ዐለት አብሮ ተነሥቶ ዛሬ እንደምናየው አዘመመ። ቅላቱ በውስጡ ያለው ብረት ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ የሰጠው ነው። ልጆቹ ጠጋ ብለው ሲመለከቱ በቀዩ አሸዋ መካከል የተጣበቁ፣ ወራጅ ውኃ አንከባልሎ ጠርዛቸውን ያለዘባቸው ነጫጭና ሮዝማ ጠጠሮችን ያያሉ። ስለ መሸርሸርና ስለ ደለል በክፍል ውስጥ ብዙ ብንናገርም፣ እነዚህን ጠጠሮች በጣት መዳሰስ የበለጠ ያስረዳል የሚል እምነት አለኝ።

አምፊቲያትሩን የነደፈው አርክቴክት በርንሃም ሆይት ሁለቱን ቋጥኞች የግንባታው ግድግዳ አድርጎ 70 የመቀመጫ ረድፎችን በመካከላቸው ዘርግቷል። ጉልበቱን ያፈሰሱበት በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ አጥተው በመንግሥት ፕሮግራም የተቀጠሩ ወጣቶች ሲሆኑ፣ ሥራው ተጠናቆ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው።

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 1,960 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኝና ደረጃው ብዙ ስለሆነ፣ አስም ወይም የልብ ሕመም ያለበት ልጅ ካለ አስቀድማችሁ እንድታሳውቁን፣ የሚጠቀምበትንም መድኃኒት እንድትልኩለት እናሳስባለን። እያንዳንዱ ተማሪ በቂ ውኃ፣ ኮፍያና የማያንሸራትት ጫማ ይኑረው። ቋጥኞቹ ላይ መውጣት በሕግ የተከለከለና የሚያስቀጣ ነው፤ በአካባቢው መርዛማ እባቦችም ስላሉ ከመንገዱ መውጣት ፈጽሞ አይፈቀድም። በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ የእናንተ ምክር ስለሚሰማ፣ ከመነሣታቸው በፊት እንድታስጠነቅቋቸው እንለምናለን።

አውቶቡሱ ከትምህርት ቤቱ በር የሚነሣው በዚህ አገር አቆጣጠር ከጠዋቱ 8 ሰዓት ነው፤ በሐበሻ ሰዓት የሚቆጥር ወላጅ እንዳይሳሳት ሁለት ሰዓት ማለታችን ነው። ከሰዓት በኋላ መብረቅ የቀላቀለ ዝናብ በድንገት ሊመጣ ስለሚችል ከቀትር በፊት ጉብኝቱን ጨርሰን እንመለሳለን። አብረውን ሊሄዱ የሚፈቅዱ ጥቂት ወላጆች ያስፈልጉናል። የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ እስከ መጪው ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር እንድትመልሱልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር