የሰፈራችን እግር ኳስ ክለብ ወደ አዲስ ባለሀብቶች ስለሚተላለፍበት ሁኔታ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ድሬዳዋ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ክቡራን ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ከክረምቱ መውጫ ጀምሮ ወደ ስፌት ቤታችን ብቅ ያላችሁም ሆነ በስልክ ያገኛችሁን አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁን አንድ ጥያቄ ሆኗል፤ የሰፈራችን ክለብ ለባለሀብቶች ተሸጠ የሚባለው እውነት ነው ወይ፣ እውነት ከሆነስ ቀብድ የከፈልንበት ማልያ ምን ይሆናል የሚል ነው። ከከዚራ እስከ ሳቢያን የሚወራው ወሬ በየቀኑ መልኩን እየለወጠ ስለመጣና ለአንዱ የነገርነው ለሌላው ሲደርስ ሌላ ነገር እየሆነ ስላስቸገረን፣ የምናውቀውን በአንድ ደብዳቤ ለሁላችሁም እኩል ማድረስ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ ገንዘባችሁን የሚመለከተውን እንግለጽ። ማልያ ስታዝዙ የከፈላችሁት ቀብድ የገባው በእኛ ሒሳብ እንጂ በክለቡ ሒሳብ አይደለም፤ ደረሰኙን የቆረጥንላችሁም እኛው ነን። ስለዚህ ክለቡን ማንም ያስተዳድረው ማን፣ ትእዛዛችሁን ሠርቶ የማስረከብ ግዴታው በእኛ ላይ ነው። እስከ አሁን የታዘዙት ማልያዎች በሙሉ በነባሩ ቀለምና በነባሩ ዓርማ፣ በተስማማንበት ዋጋ ተሠርተው ይሰጣሉ። ትእዛዙን መተው የሚፈልግ ደንበኛ ደረሰኙን ይዞ ከመጣ፣ ጨርቁ ገና ያልተቆረጠ እስከሆነ ድረስ ቀብዱ ምንም ሳይቀነስበት ይመለስለታል። ስምና ቁጥር የታተመበትን ማልያ ግን ለሌላ ሰው ልንሸጠው ስለማንችል ጨርሰን ለባለቤቱ ከማስረከብ ሌላ አማራጭ የለንም።

ክለቡ ተሸጠ የሚለው አነጋገር ትክክል አይደለም። ክለባችን የተቋቋመው በማኅበርነት ነው። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 404 ማኅበር ማለት ትርፍ ከማግኘት ወይም ትርፍ ከመከፋፈል ውጭ ለሆነ ዓላማ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች የሚመሠርቱት ኅብረት መሆኑን ይደነግጋል፤ በዚህ ምክንያት ማኅበሩ የሚሸጥ አክሲዮን የለውም፣ አባልም ተነስቶ ድርሻዬን ለእገሌ አስተላልፌአለሁ ሊል አይችልም። አሁን የቀረበው ሐሳብ ከዚህ የተለየ ነው። ከፊሎቹ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሚነግዱ፣ ከፊሎቹም በውጭ አገር የሚኖሩ የድሬ ልጆች የሆኑ ባለሀብቶች በንግድ ሕጉ፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር አቋቁመው ዋናውን ቡድን የማስተዳደሩን ሥራ፣ የተጫዋቾቹን ውል፣ የስፖንሰር ስምምነቶችንና የማልያ ሽያጩን ይረከባሉ፤ ነባሩ ማኅበር ደግሞ በአዲሱ ድርጅት ውስጥ አነስተኛ ድርሻ ይዞ የታዳጊዎቹን ቡድን ማስተዳደሩን ይቀጥላል። ሐሳቡ በሥራ አመራር ኮሚቴው ዘንድ ተቀባይነት ቢያገኝም ጠቅላላ ጉባኤው ገና ድምፅ አልሰጠበትም። ጉባኤው ካልወሰነ በቀር የተላለፈ ነገር የለም።

ማኅበሩ ለእኛም ሆነ ለሌሎች አቅራቢዎች ያለበትን ዕዳ በተመለከተም የሚወራው ብዙ ነው። ዕዳ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገር ነገር አይደለም፤ ባለገንዘቡ ካልተስማማ በቀር የቀድሞው ባለዕዳ ከኃላፊነቱ ነጻ ሆኖ በሌላ ሊተካ አይችልም። እኛ በበኩላችን ያለን ቀሪ ሒሳብ ለዚህ ውሳኔ መያዣ እንዳይሆን ለኮሚቴው አስታውቀናል።

ኮሚቴው ወደዚህ ሐሳብ የሄደበትን ምክንያት ስፌት ቤታችን ከቅርብ ሆኖ ያየው ስለሆነ በሚገባ እንረዳዋለን። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቡድኑ ከሜዳው ውጭ አንድ ጨዋታ ለማድረግ አውቶብስ መከራየት፣ አልጋ መያዝ፣ ተጫዋቾቹን በመንገድም እዚያም መመገብና አበል መክፈል አለበት፤ ይህ ሁሉ ሲሸፈን የኖረው በአባላት መዋጮ፣ በጥቂት ነጋዴዎች ልግስናና እናንተ በምትገዙት ማልያ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሲሆን፣ ኳሱም ጫማውም አብሮ ወጣ። የእኛም ሥራ ከዚህ አላመለጠም፤ የምንሰፋው የፖሊስተር ጨርቅ፣ የህትመት ቀለሙና ሥዕሉን ወደ ጨርቁ የምናሸጋግርበት ወረቀት ሁሉም ከውጭ የሚገቡ ናቸው። የአባላት መዋጮ ግን በዚያ መጠን ሊያድግ አልቻለም፤ ከደመወዝተኛና ከቀን ሠራተኛ ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነውና ሊያድግም አይችልም። ስለዚህ ባለሀብት መጣ ብሎ መቆጣት አግባብ ነው ብለን አናምንም። የመጡትም ባዕዳን አይደሉም፤ አንዳንዶቹ በልጅነታቸው በደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ ኳስ ሲያባርሩ ያደጉ ናቸው።

ሆኖም ይህች ከተማ ስለ ቡድንና ስለ ባለቤት ከብዙ ከተሞች ይልቅ የምታስታውሰው ነገር አላት። የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኗል፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታትም ዋንጫውን ደጋግሞ ወስዷል። የፋብሪካው ጉልበት የቡድኑ ጉልበት ነበር። በአባቶቻችን አንደበት ያን ያህል የሚወደሰው ያ ቡድን ዛሬ በፕሪሚየር ሊጉ ውስጥ የለም። አንድ ክለብ ሙሉ በሙሉ በአንድ ኪስ ላይ ሲንጠለጠል ዕድሜው የኪሱ ዕድሜ ይሆናል፤ አዲሶቹ ባለሀብቶች የሚያመጡት ገንዘብ እንዳለ ሆኖ የአባላት መዋጮ እንዳይቋረጥ የምንፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛን እንደ ሙያተኛ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን ግን የቀለሙና የዓርማው ጉዳይ ነው። ጥቅም ያለን ወገን መሆናችንን ሳንሸሽግ እንናገራለን፤ የክለቡን ማልያ የምንሠራው እኛ ነን፣ ወደፊትም መሥራት እንፈልጋለን። ይህን አውቃችሁ የሚከተለውን መዝኑት። የክለባችን ማልያ ሰማያዊ ነው፤ አንገቱና የእጅጌው ጫፍ ነጭ ሲሆን በግራ ደረቱ ላይ ያለው ዓርማ የባቡር ሐዲድና ኳስ የያዘ ነው፤ ይህ ከተማ የተወለደው ሐዲዱ እዚህ በደረሰ ጊዜ በመሆኑ የመሥራቾቹ ምርጫ ምክንያት ያለው ነው። የቡድኑን ማልያ የሚያጥቡት እናታችን እያንዳንዱን ማልያ ገልብጠው፣ በቀዝቃዛ ውኃ በእጃቸው አሽተው፣ ፀሐይ ላይ ሳይሆን በኒም ዛፍ ጥላ ሥር ያሰጡታል፤ የድሬ ፀሐይ ሰማያዊን ቀለም በአንድ የውድድር ዓመት እንደሚያነጣው፣ ቁጥሩም ከላይ በኩል ከታሸ እንደሚሰነጠቅ ከእኛ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ። አንድ ሰው ለጨርቅ ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ጨርቁ ከጨርቅነት ያለፈ ነገር ስለያዘ ነው።

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር የምንማረው አለ፤ የእንግሊዝን ሊግ የምትከታተሉ ታስታውሱት ይሆናል (በዚህ አንቀጽ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ካርዲፍ ሲቲ የተባለው የዌልስ ክለብ እንደ እኛው ሰማያዊ ለባሽ ሆኖ ሳለ በ2012 ባለቤቱ ማልያውን ቀይ አደረጉት። ቡድኑ በቀዩ ማልያ በዓመቱ ወደ ፕሪሚየር ሊግ አደገ። ደጋፊው ግን በማደጉ ተደስቶ ቀለሙን አልረሳውም፤ ተቃውሞው ቀጥሎ በጥር ወር 2015 ክለቡ ወደ ሰማያዊው ተመለሰ። ሬክሳም በተባለው ሌላ የዌልስ ክለብ የሆነው ደግሞ የተለየ ነው። ከ2011 ጀምሮ ክለቡ በደጋፊዎቹ ማኅበር እጅ ነበር፤ ሁለት የፊልም ተዋንያን ሊረከቡት በጠየቁ ጊዜ ሐሳባቸውን አስቀድመው ለአባላቱ አቀረቡ፣ 2 ሚሊዮን ፓውንድ እንደሚያፈስሱም አስታወቁ፣ አባላቱም በ98.6 በመቶ ድምፅ ከተቀበሏቸው በኋላ በየካቲት 2021 ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ ክለቡ በሦስት ተከታታይ ዓመታት ሦስት ጊዜ አድጓል። በአንጻሩ በሪ የተባለው የእንግሊዝ ክለብ በታኅሣሥ 2018 በአንድ ፓውንድ ተላልፎ፣ ገዢው ዕዳውን የሚሸፍን ገንዘብ እንዳለው ማረጋገጫ ማቅረብ ባለመቻሉ በነሐሴ 2019 ከሊጉ ተባረረ፤ ከ1894 ጀምሮ በሊጉ የቆየ ክለብ ነበር። ከእነዚህ ታሪኮች የእኛን ጉባኤ ይበልጥ የሚመለከተው ይህ የመጨረሻው ይመስለናል። ባለሀብቱ ምን ቃል ገባ ከሚለው በፊት ገንዘቡ በእርግጥ አለ ወይ፣ በየትኛው ባንክ ተቀመጠ፣ ለስንት የውድድር ዓመት ይበቃል የሚለው መጠየቅ አለበት።

ስለ ዓርማውም ብዙ ሰው ያላስተዋለው የሕግ ነጥብ አለ። በአገራችን የንግድ ምልክት የሚጠበቀው በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሲሆን፣ ምዝገባው ለ7 ዓመት ጸንቶ የሚቆይና የሚታደስ ነው፤ ብቸኛ የመጠቀም መብት የሚያገኘውም በስሙ ያስመዘገበው ነው። የክለባችን ዓርማ እስከ ዛሬ በማንም ስም አልተመዘገበም። አዲሱ ድርጅት ቀድሞ በስሙ ካስመዘገበው፣ ነገ ድርጅቱ ቢፈርስ ወይም ለሌላ ቢሸጥ ሐዲዱም ኳሱም አብሮ ይሄዳል፤ ማኅበሩ የታዳጊዎቹን ቡድን በራሱ ዓርማ ለማሰለፍ ፈቃድ ጠያቂ ይሆናል ማለት ነው። ዓርማው በማኅበሩ ስም ተመዝግቦ ድርጅቱ በፈቃድ ውል ቢጠቀምበት ግን ሁለቱም ወገኖች አይጎዱም።

ይህን ሁሉ ለኮሚቴውና ለባለሀብቶቹ ተወካዮች በጽሑፍ አቅርበናል። የጠየቅነው የዓርማው ባለቤትነት በማኅበሩ እንዲቀር፣ የሜዳ ማልያው ሰማያዊነት ያለ ጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ እንዳይለወጥ፣ የታዳጊዎቹ የልምምድ ሜዳም ለሌላ አገልግሎት እንዳይውል በስምምነቱ ውስጥ እንዲጻፍ ነው። የባለሀብቶቹ ተወካዮች የሜዳውን ጉዳይ ወዲያውኑ ተቀብለዋል፣ ለዚህም እናመሰግናቸዋለን፤ የዓርማውን ጉዳይ ከሕግ አማካሪያቸው ጋር እንደሚነጋገሩበት ነግረውናል፤ ስለ ቀለሙ ግን በቃል እንጂ በጽሑፍ የሰጡን ምላሽ የለም። አዲሱ ድርጅት ብቸኛ አቅራቢ እንድንሆን ያቀረበልንንም ውል እስከ ጉባኤው ድረስ ሳንፈርም አቆይተነዋል። ሥራው ለስፌት ቤታችን ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ጉባኤው ከመወሰኑ በፊት ብንፈርም በእናንተና በክለባችሁ መካከል ገብተን ውሳኔውን እንደቀደምን ይቆጠርብናል።

ከእያንዳንዱ የክለቡ ማልያ ዋጋ ላይ አንድ አሥረኛውን ለታዳጊዎቹ ቡድን ስንሰጥ የቆየነው ባለበት ይቀጥላል፤ ይህ ከማኅበሩ ጋር የተዋዋልነው ሳይሆን ለእናንተ የገባነው ቃል በመሆኑ የአስተዳደር ለውጥ አይነካውም። የአዲስ ትእዛዝ ዋጋ በቅርብ ጊዜ የሚጨምር ከሆነ ምክንያቱ የጨርቅ ዋጋ ብቻ ይሆናል፣ አስቀድመንም በሱቁ በር ላይ እንለጥፋለን። ትእዛዝ የሚቀበሉልን ሠራተኞቻችን ስለ ክለቡ ዝውውር የሚያውቁት በዚህ ደብዳቤ ላይ የሰፈረውን ያህል ስለሆነ፣ ከዚህ ያለፈ ጥያቄ ያላችሁ የማኅበሩን ጽሕፈት ቤት እንድትጠይቁ እናሳስባለን።

ከእናንተ መካከል የማኅበሩ አባል የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። በጉባኤው ድምፅ ለመስጠት የዓመቱን መዋጮ የከፈለና የአባልነት መታወቂያውን ያሳደሰ መሆን እንደሚያስፈልግ ኮሚቴው አስታውቋል፤ የስምምነቱን ረቂቅም ማንኛውም አባል በጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ ማንበብ ይችላል። ከጉባኤው በፊት ሄዳችሁ ረቂቁን እንድታነቡት፣ በተለይም የዓርማውንና የማልያውን አንቀጾች እንድትመለከቱ አጥብቀን እንለምናለን። የተዘጋጁ ማልያዎችን መረከብ ወይም ቀብድ ማስመለስ የምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ታገኙናላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የስፖርት ትጥቅ ስፌትና ህትመት ቤቱ ባለቤቶችና ሠራተኞች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ