የትኛው ሥጋ?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በፎገራ ጎርፍ ስላፈናቀላቸው ሰዎች ያወጣችሁትን ዘገባ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሁለቱን ለራሴ ነው። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት፤ ጎረቤቴ እማማ በራቸው ላይ አስቁመውኝ «እስቲ ያቺን ቦታ ድገሚልኝ» ስላሉኝ። ቦታዋ ይቺ ናት፦ «የሃይማኖት በጎ ፈቃደኞች ለተፈናቃዮቹ ሩዝ በሥጋ ወጥ ለምሳ አቀረቡ።»

የትኛው ሥጋ?

እዚያው ነበርኩ። ሽንኩርት ከከተፉት አንዷ ነኝ፤ ማታ ድረስ ዓይኔ አልገለጥ ብሎኝ ነበር። ወጡ ምስር ነው፣ በዘይት። ከጎኑ ድንችና ካሮት። ቀኑ ደግሞ ነሐሴ 9። ፍልሰታ! ዘጋቢያችሁ ሥጋ አይቶ ከሆነ ከእኛ ተደብቆ የገባ ሥጋ ነው።

«ምስርም ሆነ ሥጋ፣ ዋናው ሰው መብላቱ» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ቀስ ብለን እንየው። እኛ ከባሕር ዳር የሄድን ሙስሊሞች ነን። ከጀመዓችን 14 ሴትና 5 ወንድ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተጠለሉት ሰዎች አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ናቸው። ክርስቲያን የሙስሊም እርድ እንደማይበላ፣ እኛም የእነሱን እንደማንበላ በዚህ አገር ለሕፃን እንኳ አይነገርም። እናንተ እንደጻፋችሁት ከሆነ ግን እኛ አርደን፣ በጾም ቀቅለን፣ ቤቱ በውኃ ለተዋጠበትና ምርጫ ለሌለው ክርስቲያን አቅርበናል። በአንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ሁሉ ጥፋት! እኛ አስበንበት እንኳ በአንድ ቀን ይህን ያህል ማጥፋት አንችልም።

የሚያናድደኝ ደግሞ ሌሊቱን ያወራነው ስለዚሁ ስለ ሥጋ መሆኑ ነው። አንድ ነጋዴ በሬ ልስጥ ብሎ ነበር። ሽማግሌዎቻችን «አላህ ይስጥህ፣ ግን ገንዘቡን ስጠን» አሉት። በዚያው ገንዘብ ምስር፣ ዘይትና ሩዝ ተገዛ። ምናልባት ዘጋቢያችሁ የበሬውን ወሬ ከመንገድ ሰምቶ ይሆናል። ከሆነ መጨረሻውን ሳይሰማ ነው የሮጠው።

ቀጥሎ የድስት ነገር መጣ። የእኛ ብረት ድስቶች ስንት ሠርግ ያዩ፣ ሥጋ ሲቀቀልባቸው የኖሩ ናቸው። ከመካከላችን አንዷ እናት «ሰዎቹ ባይናገሩም በልባቸው ይጠራጠራሉ፤ ለምን እናስጨንቃቸዋለን?» አሉ። ልክ ናቸው። ስለዚህ ከእማማ ዘንድ ሄጄ የማርያም ጽዋ ማኅበራቸውን ሁለት ትልልቅ ድስቶች ተዋስኩ። እማማ ምንም አላሉም። ጎተት ጎተት እያደረጉ ራሳቸው አወጡልኝ። «እንዳይጫጫር ብቻ» አሉኝ። እኛ ለራሳችን ዳቦና ሻይ ይዘን ሄድን።

«ለምሳ» የሚለውም ስህተት ነው። ለሕፃናትና ለታመሙት ቀደም ብለን ሰጠን። የቀሩት እስከ 9 ሰዓት ጠበቁ። አንዲት አሮጊት አይረሱኝም። ነጠላቸው እስከ ወገባቸው ጭቃ ነው። ሰሃኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ በእጃቸው ከልለው፣ ባለፍኩ ቁጥር «ልጄ፣ ዘጠኝ ሞላ?» ይሉኛል። ወጡ ከፊታቸው ይቀዘቅዛል። ይኼ ሰው ነው በፍልሰታ ሥጋ በላ የተባለው።

ፎቶውም አለ። ከፊት የሚታዩት የሰንበት ተማሪዎች ናቸው። ውኃ የቀዱልን፣ ሰሃን ያዞሩት እነሱ ናቸው፤ ሲያንሳቸው ነው። ግን ከድስቱ ኋላ ግማሽ ፊቷ የተቆረጠች አንዲት ሴት አለች። እኔ ነኝ። ሂጃቤ ከፎቶው ወጥቷል፣ ማማሰያ የያዘው እጄ ቀርቷል። በዘገባው ከላይ እስከ ታች «ሙስሊም» የሚል ቃል ፈለግኩ። የለም። «የሃይማኖት በጎ ፈቃደኞች» ብቻ። የየትኛው ሃይማኖት? ፎቶውን ያየ ሰው የራሱን መልስ ይሰጣል።

ስለ ጎርፉ የጻፋችሁት ላይ ብዙ አልከራከርም። «ጣና ሞልቶ» ብላችሁ ማለፋችሁ ግን ልክ አይደለም። ጣና ብቻውን ምን አደረገ? ከጉና ተራራ የሚወርዱት ጉማራና ርብ ናቸው ሜዳው ላይ የሚሰፉት፤ ሐይቁ ከፍ ሲል ደግሞ መውጫ ያጣሉ። በ1998ቱ ክረምት፣ ድሬዳዋና ኦሞ በጎርፍ በተመቱበት ዓመት፣ ፎገራና ደምቢያም ተጥለቅልቀው ነበር። የወረታ ልጅ ብትጠይቁ ይነግራችኋል። ደግሞም እኛ ሩዝ ያበሰልነው ለሩዝ አምራች ነው። አንድ ገበሬ ሰሃኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየና «የገበያ ነው» አለኝ። ከዚያ በላ።

አሁን ወደ እማማ ልመለስ። ዘገባችሁን ከሰሙ ጀምሮ ድስቶቹን ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ደፍተዋቸዋል። ቤት አላስገቡም። «አንቺን አምንሻለሁ» ይሉኛል፣ «ግን ማኅበርተኞቹን በምን ላስረዳቸው? ጋዜጣ ላይ ወጥቷል እኮ!» ስንት ዓመት ቡና የተጣጣን ሰዎች ነን። የእኔ ምስክርነት ከእናንተ አንድ ቃል አነሰ።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወጡ የምስር እንደነበር፣ ያበሰሉትም ሙስሊሞች እንደነበሩ አስተካክላችሁ አውጡ። በፊት ገጽ ባይሆንም ግድ የለኝም፣ እማማ የትም ብታወጡት ያስነብቡኛል። የማኅበራቸው ቀን ግን 21 ነው። ድስቱ ከዚያ በፊት መግባት አለበት።

የምስር ወጥ ሠሪዋ
ከባሕር ዳር