ድረ ገጽ እያላቸው የማይደወልላቸው የቤት ግንባታ ሥራ ተቋራጮች

ይድረስ ለበኩር ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል
ባሕር ዳር

በባሕር ዳር ከተማ ቤት ከሚሠሩና ከሚያድሱ ሥራ ተቋራጮች መካከል ገንዘብ ከፍለው ድረ ገጽ ያሠሩ አሉ። እኔም ድረ ገጽ በመሥራትና በማስተካከል የምተዳደር እንደመሆኔ መጠን ከእነርሱ ደጋግሜ የምሰማው ቅሬታ «ድረ ገጹ አለ፣ የሚደውል ግን የለም» የሚል ነው። በእኔ እምነት የችግሩ ዋና ምክንያት የደንበኛ እጥረት ሳይሆን ገጾቹ ለጨረታ ኮሚቴ እንደሚቀርብ ሰነድ መጻፋቸው ነው። ራእይ፣ ተልእኮና የሥራ አስኪያጁ መልእክት በእንግሊዝኛ ተደርድረው ይገኛሉ፤ በሐምሌ ዝናብ ጣሪያው የሚያፈስበት የቀበሌ 14 ነዋሪ ግን ማወቅ የሚፈልገው ድርጅቱ ጣሪያ ይጠግን እንደሆነ፣ ሰፈሩ ድረስ ይመጣ እንደሆነና በየትኛው ቁጥር እንደሚገኝ ብቻ ነው።

በቅርቡ የተመለከትሁት የአንድ ድርጅት ገጽ ሲከፈት ቀድሞ የሚመጣው ድርጅቱ ያልሠራው የውጭ አገር ሕንፃ ፎቶ ነው። ፎቶው ከባድ በመሆኑ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት በስልክ ለመክፈት ትዕግሥት ይጠይቃል። ስልክ ቁጥሩ የሚገኘው ገጹ መጨረሻ ላይ ሲሆን፣ እርሱም ፎቶ በተነሣ ቢዝነስ ካርድ ላይ ስለሆነ ሲነኩት አይደውልም፣ ኮፒም አይደረግም። ቤቱ እያፈሰሰበት ያለ ሰው ቁጥሩን ወረቀት ላይ ገልብጦ ይደውላል ብሎ መጠበቅ አይቻልም፤ ተመልሶ ወጥቶ ሌላ ይፈልጋል።

ስለዚህ ቁጥሩ በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ፣ በጽሑፍና ሲነካ በቀጥታ በሚደውል መልኩ መቀመጥ አለበት። በ09 ወይም በ07 የሚጀምር ቁጥር ከውጭ አገር እንዳለ ቢደወል አይሠራም፤ የመጀመሪያው ዜሮ ወጥቶ +251 ሊገባበት ይገባል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም በከተማችን ባለቤቶቻቸው ባሕር ማዶ ሆነው የሚያሠሯቸው ቤቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ዋሽንግተን የሚኖር ሰው ከሥራ ገብቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስለ ቤቱ ማሰብ ሲጀምር፣ እዚህ እንደ ወቅቱ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። ከቁጥሩ ጎን የዋትሳፕና የቴሌግራም አድራሻ ከተቀመጠ መልእክቱን ትቶ ያድራል፤ ኮንትራክተሩም ጠዋት ራሱ ይደውልለታል። እንዲህ ያለው ደንበኛ በአካል መጥቶ ማጣራት ስለማይችል መታለልን ይፈራል፤ የታደሰ የሥራ ፈቃድና የተቋራጭነት ደረጃ በግልጽ መቀመጣቸው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን ገጹ የሚናገረው ነገር ነው። «ሁሉንም የግንባታ ሥራ በጥራት እንሠራለን» የሚለው አነጋገር ማንንም አያስደውልም። የጣሪያ ጥገና፣ የሴራሚክ ንጣፍና የጂብሰም ሥራ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገጽ ቢኖራቸው፣ ሰው ጎግል ላይ በሚጽፈው ቃል ይገኛሉ፤ የምንጽፍበትም ቋንቋ አማርኛ ነውና ገጹ በአማርኛ መጻፍ አለበት። በከተማችንና በአካባቢዋ መረሬ አፈር ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ብዙ ጭንቀት አለበት። አፈሩ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ በሚገባ ካልተሠራ ግድግዳው አብሮ ይሰነጠቃል። አንድ ኮንትራክተር እንዲህ ባለ ቦታ አፈሩን እስከ ምን ድረስ እንደሚያስወጣ፣ በምን እንደሚተካውና የዝናቡን ውኃ ከመሠረቱ እንዴት እንደሚያርቅ፣ ከራሱ ሥራ በተነሡ ፎቶዎች እያሳየ ቢጽፍ፣ አንባቢው «ይህ ሰው ችግሬን ያውቀዋል» ብሎ ይደውላል። ፎቶዎቹ በስልክ ቢነሡ በቂ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሜጋ ባይት የሚመዝኑትን ወደ 200 ኪሎ ባይት ገደማ ማሳነስ፣ ከፎቶዎቹ በታችም «የመታጠቢያ ቤት ሴራሚክ፣ አባይ ማዶ፣ 2016 ዓ.ም.» እንደሚል ያለ መግለጫ ማስፈር ያስፈልጋል። የቤቱን ባለቤት ፈቃድ መጠየቅም ግዴታ ነው።

በጎግል ካርታ ላይ ድርጅቱን በነፃ ማስመዝገብም መዘንጋት የለበትም። እኛ አድራሻ የምንናገረው በቤት ቁጥር ሳይሆን «ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ» እያልን ስለሆነ፣ ካርታው ላይ ትክክለኛው ቦታ መጠቆሙ የሚጠፋውን ሰው ያድናል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ስልኩ ሲጠራ የሚያነሣ ከሌለ ድካሙ ከንቱ ነው። አርማታ በሚሞላበት ዕለት ኮንትራክተሩ ማሽን አጠገብ ቆሞ ስልክ ሊሰማ አይችልም፤ ስለዚህ ስልኩን የሚይዝ፣ የደዋዩን ስም፣ ሰፈርና የሥራ ዓይነት በደብተር የሚመዘግብ አንድ ሰው ይመደብ። ያ ሰው «ቁጥራችንን ከየት አገኙት?» ብሎ መጠየቅን አይርሳ። ባለቤቱ ድረ ገጹ ሥራ እያመጣለት መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ከዚያ ደብተር ነው፤ ለቀጣዩ ዓመት ለድረ ገጹ ከመክፈሉም በፊት ደብተሩን ገልጦ ይመልከት።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር