ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር ለገጠሩ ማን ይንገረው?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ቁጥጥር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የጥላቻ ንግግሩ፣ የማስታወቂያው መብዛት፣ የልጆች ፕሮግራም መጥፋት፣ ሁሉም ተነስቷል። እሰየው። ጸሐፊው ግን አንድ ነገር ዘለሉ። ጣቢያው የሚያወራው ነገር እኛ ቤት የሚደርሰው በማን በኩል ነው? ያ አድራሽ፣ ሥርጭቱን በሳተላይት የሚያመጣልን ድርጅት፣ ሲያጠፋስ ማን ይጠይቀዋል?

እኔ ጎጃም ውስጥ ሞጣ ላይ ዲሽ እሠራለሁ። ሪሲቨርም ሶላርም ሬዲዮም ያመጡልኝን እጠግናለሁ፤ እንጀራዬ ግን ዲሽ ነው። ስለ ጋዜጠኝነት የምለው የለኝም። ስለ ሲግናል ግን ትንሽ አውቃለሁ።

አገራችንን ለማያውቅ አንባቢ ልንገረው። ከሞጣ በስተደቡብ ጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ተገትሯል። በሌላው በኩል መሬቱ ወደ ዓባይ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አሁንም ይወርዳል። ከምድር ማሰራጫ የሚመጣ ሞገድ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው። ተራራ ሲገጥመው እዚያው ይቀራል፤ ቆላ ያለውን ቤት በላዩ አልፎት ይሄዳል። ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አንቴና አስረው "አሁንስ?" "ትንሽ ወደ ግራ!" ሲባባሉ ያመሹ ሰዎች ይህን ያውቁታል። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። እኛ ቆላ የገባው ግን ዲሽ ሲመጣ ነው። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠ ደገኛውንም ቆለኛውንም እኩል ያያል።

ስለዚህ ለእኛ ሳተላይቱ አማራጭ አይደለም፤ ያለን እሱ ብቻ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ይህ ለሁሉም ግልጽ ሆነ። በዚያን ጊዜ ሰው ከዓለም ጋር የቀረው በዲሽ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በ2012 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ጣቢያዎች ኢትዮ ሳት በሚል ስም ተሰባስበው 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ወዳለው ሳተላይት መዛወር ጀመሩ። ሐሳቡን ያኔም ደግፌዋለሁ፣ ዛሬም እደግፈዋለሁ። የራሳችን ጣቢያዎች በአንድ ዲሽ መገኘታቸው ቀላል ነገር አይደለም። አዛወሩን ግን እዩት። ከዚያ በፊት ብዙው ቤት ዲሹን ያዞረው ናይል ሳት ወደሚባለው ሳተላይት ነበር፤ 7 ዲግሪ ምዕራብ። ከሞጣ ሲታይ ያ ማለት ዲሹ ወደ ምዕራብ ዞሮ ዝቅ ብሎ ይመለከታል ማለት ነው። አዲሱ ወደ ደቡብ ምስራቅ ነው፤ ያውም በጣም ቀና ብሎ። ሪሞት ይዞ ቁጥር በመቀየር የሚያልቅ ነገር አልነበረም። ሰው ጣሪያ ላይ መውጣት ነበረበት። ብሎኑ የዛገበት መጋዝ ፈለገ። ሁለቱንም ሳተላይት አልጣ ያለ ሌላ ዲሽ ገዛ።

አዲስ አበባ ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ወደ ዓባይ በሚወርዱት ቀበሌዎች ዲሽ ሠሪ ፍለጋ ገበያ ቀን መጠበቅ አለ። ከዚያም በኋላ ቢሆን ነገሩ አላረፈም። ጣቢያ ፍሪኩዌንሲ (ሪሲቨሩ ጣቢያውን የሚያገኝበትን የሞገድ ቁጥር) ይቀይራል፤ አንዱ ይዘጋል፤ ሌላው ወደ ሌላ ሳተላይት ይሄዳል። ማስታወቂያው የት ይነገራል? እዚያው ቴሌቪዥኑ ላይ። "ከዚህ ቀን ጀምሮ በዚህ ፍሪኩዌንሲ ይከታተሉን" የሚል ጽሑፍ በስክሪኑ ግርጌ ሲሮጥ ይሰነብታል። በዚያ ሳምንት መብራት የሌለው ቤት፣ ወይም የሶላሩ ባትሪ የደከመበት፣ ሲመለስ የሚያገኘው "ኖ ሲግናል" ነው።

እናቶች ሪሲቨሩን በነጠላ ጠቅልለው ይመጣሉ። "ልጄ፣ ተቃጠለ መሰለኝ፣ እስቲ እየው።" እከፍተዋለሁ፤ ምንም አልሆነም። ሰርች አድርጌ እመልስላቸዋለሁ። ሁሉም ሠሪ ግን እንዲህ አያደርግም። "ቦርዱ ሄዷል" ብሎ የሚያስከፍል ሞልቷል። ይህን በመጻፌ የሚያኮርፈኝ የሙያ ጓደኛ አይጠፋም፤ ያኩርፍ።

ጉዳዩ ሌላም አገር ተነስቷል። ካናዳን እንውሰድ። ሰፊ አገር ናት፤ ሰሜኗ በረዶ ነው፤ ሰፈሮቹ የተራራቁ ናቸው። በፈረንጆች 1972 አኒክ የተባለች የራሷን ሳተላይት አመጠቀች። ሆኖም የሩቁ ሰው ለዓመታት የሚያየው ነገር ጥቂት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ትናንሽ መንደሮች ያለፈቃድ ትልልቅ ዲሽ እየተከሉ የአሜሪካን ጣቢያዎች መጥለፍ ያዙ። አንድ ዲሽ ተተክሎ ለመንደሩ ይታደላል። ሕገ ወጥ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን መንደር ሙሉ ሰው አይታሰር ነገር!

ሲአርቲሲ የሚባለው ተቆጣጣሪያቸው በ1981 ካንኮም ለተባለ ድርጅት ፈቃድ ሰጠ። የካንኮም ሥራ ጣቢያ ማቋቋም አልነበረም። ከቫንኩቨር፣ ከኤድመንተን፣ ከሐሚልተንና ከሞንትሪያል ያሉ ጣቢያዎችን ሥርጭት በሳተላይት አንስቶ በሩቅ ለሚገኙ ትናንሽ የኬብል ድርጅቶች (ሥርጭቱን በገመድ ለየቤቱ ለሚያድሉ) ማድረስ ነበር። የኬብል ድርጅቱ በደንበኞቹ ቁጥር ልክ ይከፍላል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአሜሪካዋ ከተማ የዲትሮይት ጣቢያዎች ተጨመሩና የበረዶው አገር ሰው ስለ ዲትሮይት የከተማ ወሬ አዋቂ ሆነ። ይህኛው እንኳ አያስቀናም። የሚያስቀናው ሌላ ነው። አድራሹ ራሱን የቻለ ፈቃድ አለው፤ ፈቃዱ ላይ ግዴታ ተጽፏል፤ ቅር ያለው ትንሽ የኬብል ድርጅት አቤት የሚልበት ደጅ አለው።

ደጁ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ ቆይቶ ታየ። ካንኮም ሾው በሚባል ትልቅ ድርጅት እጅ ገባ። ሾው ደግሞ በ2023 በሮጀርስ ተጠቀለለ። እነዚህ ራሳቸው ለቤት ደንበኛ ቴሌቪዥን የሚሸጡ ናቸው። ትንሹ የኬብል ድርጅት እንግዲህ ውሃ የሚቀዳው ከተፎካካሪው ጉድጓድ ሆነ ማለት ነው። ባለጉድጓዱ ዋጋ ቢያስወድድ ወይም ዛሬ አልሰጥም ቢል መንደሩ ይጠማል። ለዚህ ነው ሕጋቸው አድራሹ ለራሱ ወይም ለወዳጁ ያለአግባብ እንዳያደላ የሚከለክለው።

"እኛ አገር ኬብል የታለና?" የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ የለም ማለት ይቻላል። እኔ ግን መኖር አለበት ባይ ነኝ። እንደ ሞጣ፣ እንደ ቢቸና፣ እንደ ደጀን ባለ ከተማ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ጥሩ ዲሽ ተተክሎ በገመድ ለሰፈሩ ቢታደል፣ ፍሪኩዌንሲ ሲቀየር አንድ ሰው አንድ ጊዜ ያስተካክላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይድናል። እያንዳንዱ ቤት ሪሲቨርና ኤልኤንቢ (ዲሹ ላይ ሆኖ ሞገዱን ለሪሲቨሩ የሚያቀብለውን ዕቃ) ገዝቶ፣ ሠሪ ጠርቶ፣ ቆርቆሮውን አስረግጦ የሚያወጣው ገንዘብ ይተርፋል። (ለእኔ ገበያ መጥፎ ዜና ነው፤ ይሁን።) በቴክኒክ በኩል የሚያስቸግር ነገር የለውም። የሚያስቸግረው ወረቀቱ ነው።

ዛሬ አንድ ልጅ ተነስቶ ገመድ ቢዘረጋ ምን ይባላል? ሌባ ይባላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጣቢያዎችን ሥርጭት ይጠብቃል። መጠበቁ ተገቢ ነው። ግን ልጁ ፈቃድ ልጠይቅ ቢል ስንት ጣቢያ ደጅ ይጥና? አሜሪካኖች ይህን በፈረንጆች 1976 የቅጂ መብት ሕጋቸው በብልሃት ፈቱት። የኬብል ድርጅት የጣቢያዎችን ሥርጭት ሲያስተላልፍ በሕግ የተወሰነውን ክፍያ ይከፍላል፤ ከእያንዳንዱ ባለመብት ጋር መደራደር አይጠበቅበትም። ለትናንሽ ከተሞች እንዲህ ያለ አንድ አንቀጽ ቢኖረን ባለመብቱም ገንዘቡን ያገኛል፣ ልጁም ሥራ ያገኛል።

ኳስ የሚያሳዩ ቤቶችም ያው ናቸው። ብዙዎቹ የቤት ካርድ አስሞልተው ለሕዝብ ያሳያሉ። ስህተት ነው። የአንድ ድርጅት ወኪል ለንግድ ቤት ስንት ነው ብዬ ብጠይቀው የነገረኝ ዋጋ ግን አዲስ አበባ ያለ ሆቴል የሚከፍለው ዓይነት ነው። ጭቃ ቤት ውስጥ አግዳሚ ደርድሮ በሰው ጥቂት ብር የሚቀበል ልጅ ያን ከየት ያመጣል? በ2013 ዓ.ም. የአገራችን ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር የተወሰኑ ጨዋታዎች ባሕር ዳር ተካሂደው ነበር። ከሞጣ ባሕር ዳር በመኪና ከመቶ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጨዋታው እኛ ዘንድ የደረሰው ግን ሰማይ ወጥቶ፣ ተቆልፎ፣ ካርድ ላለው ብቻ ተከፍቶ ነው። የኢንቨስትመንት ወጪ እንዳለው ይገባኛል። ዋጋው በከተማው አቅም ልክ ይሁን ማለት ግን ኃጢአት አይመስለኝም።

ታዲያ ማን ይሥራው? የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 የብሮድካስት ፈቃድ ይሰጣል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሞ የፍሪኩዌንሲ ጉዳይ ይመራል። የእኔ ፍርሃት ነገራችን በሁለቱ መካከል እንዳይወድቅ ነው። አንዱ ወደ ሌላው ሲመራን ዓመት ያልፋል።

አንድ ሌላ ፍርሃትም አለኝ፤ ሳልደብቅ ልናገር። ቁጥጥር ሲባል እኛ አገር ቶሎ የሚታሰበው መዝጋት ነው። አድራሹን ተቆጣጠሩ ስላልኩ "እንግዲያው ያልወደድነውን ጣቢያ ከአድራሹ ላይ እናውርድ" የሚል ባለሥልጣን እንዳይነሳ። እኔ የምለው የዚህን ተቃራኒ ነው። ደንቡ አድራሹን እንዲያደርስ ያስገድደው። ፈቃድ ያለውን ጣቢያ ካወረደ ምክንያቱን በጽሑፍ ይግለጥ። ፍሪኩዌንሲ ወይም ሳተላይት ሊቀይር ሲል ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ያሳውቅ፤ አሮጌውና አዲሱም ለጥቂት ጊዜ አብረው ይሂዱ። ማስታወቂያው በሬዲዮ ይነገር፣ ቀበሌ ላይ ይለጠፍ። ለትንሽ አከፋፋይ የሚያስከፍለው ዋጋ በአደባባይ የታወቀ ይሁን፤ ሞጣ ላይ ያለውም ሐዋሳ ላይ ያለውም አንድ ዓይነት ወረቀት ይመልከት። የክልሉ ጣቢያም በዚያ ገመድ ላይ በነፃ ይግባ።

ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች መልስ የሚሰጥ ካለ እባካችሁ በዚሁ ገጽ አውጡልን፤ ሱቄ በር ላይ እለጥፈዋለሁ። በቴሌቪዥን ብቻ ከተናገሩት ላይደርሰን ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
ዲሽ ሠሪው፣ ከሞጣ