ይድረስ ለመድን ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ፦ የተጠገነውን ቤት ማን ይይልኝ?

ክቡር ኃላፊ፣

ለመሥሪያ ቤትዎ ያስገባሁት አቤቱታ «ደርሶናል» ከመባል ያለፈ መልስ አላገኘም። ስለዚህ በአደባባይ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

የማከራየው ቤት አለኝ። ለመድኑ የምከፍለውን ዓረቦን አሳልፌ አላውቅም። መድን ድርጅቱ ቤቱን ፈተሽኩ ብሎ ደብዳቤ ላከልኝ። ጣሪያው ይቀየር፣ የደረጃው መደገፊያ ይጠገን፣ የቆየው የኤሌክትሪክ መስመር ይታደስ ይላል። ሁሉም በ30 ቀን፤ ካልሆነ ውሉ ይቋረጣል።

መደገፊያውን ወዲያው አሠራሁት። ተከራዬ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው፤ እሱን ይዘው ነው የሚወርዱት። ያ ጥያቄ ተገቢ ነበር።

ጣሪያውስ? ማስረጃ ተብሎ የተላከልኝ ከላይ የተነሣ ፎቶ ነው። አንድ ጥቁር ነገር በቀይ ተከቦ «ጉዳት» ተብሎበታል። ጥቁሩ ነገር የዛፍ ጥላ ነው! የጣሪያ ባለሙያ ወጥቶ እዚያው ቦታ ላይ ፎቶ አነሣ። ቆርቆሮው ደህና መሆኑን በፊርማው አረጋገጠ። ላክሁላቸው። ዝም።

የኤሌክትሪኩ ሥራ ደግሞ ሰው በሚኖርበት ቤት ነው። እኚህ እናት ኢንሱሊናቸውን ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። መብራት ሲቋረጥ መድኃኒቱ የት ይደር? ድርጅቱ ቸኮለ ብዬ የተከራይ በር በርግጄ አልገባም፤ አስቀድሜ ማሳወቅ አለብኝ። ባለሙያ ወረፋ አለው፣ ፈቃድም ጊዜ ይወስዳል። ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። እንደምንም አስጨረስኩ። ደረሰኙን፣ ፎቶውን፣ የባለሙያውን ማረጋገጫ አንድ ላይ አድርጌ ላክሁ።

የመጣልኝ የውል ማቋረጫ ነው። ስለ ጥላው አንድም ቃል የለበትም። ስደውል «ሲስተሙ ነው የወሰነው» አሉኝ።

መዘዙ እዚህ አያበቃም። ቤቱ የባንክ ብድር አለበት። መድን ከሌለው ባንኩ ራሱ ይገዛና ሒሳቡን እኔ ላይ ይጭናል። እንዲህ ያለው ሽፋን ውድ ነው፤ በዋናነት የሚጠብቀውም የባንኩን ገንዘብ ነው። ሌላ መድን ድርጅት ስሄድ ቅጹ «ከዚህ በፊት ውልዎ ተቋርጦ ያውቃል?» ይለኛል። አዎ ብዬ ከመሙላት ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ከዚያ በኋላ ወይ ዓረቦኑ ይቆለላል፣ ወይ «አንቀበልም» እባላለሁ። ወጪው ዞሮ ዞሮ ኪራይ ላይ ነው የሚያርፈው። ምንም ያላጠፉ እናት ለምን ይክፈሉ?

መድን ድርጅት ቤት አይፈትሽ አላልኩም። ያረጀ መስመር እሳት ያስነሣል፤ የላላ መደገፊያ ሰው ይጥላል። ግን «ጠግን» ያለ አካል የተጠገነውን የማየት ግዴታ ይኑርበት። ማስረጃውን የመረመረው ሰው በስሙ ፈርሞ መልስ ይስጥ። እስከዚያ ውሉ አይቋረጥ። ይህን የማስገደድ ሥልጣን ያለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

ፋይሌ እናንተው ጋ አለ። የጣሪያውን ሁለት ፎቶዎች አውጥተው ጎን ለጎን ይዩአቸው። ማቋረጫው ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መልስዎን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።