ቅዳሜ ይመጣል የተባለው ቻርጀር

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ጎንደር

ፒያሳ ለሚገኘው የኮምፒውተር መሸጫ ሱቅ ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ቃል የተገባልኝን የ150 ዋት ቻርጀር ይመለከታል

ጥር 1 ቀን የገዛሁትን ያገለገለ ጌሚንግ ላፕቶፕ ደረሰኝ ቅጂ አያይዣለሁ። አብሮ የተሰጠኝ ቻርጀር አነስተኛ ስለነበር ትክክለኛው እንደሚመጣ ቃል ተገብቶልኝ ነበር። የደረሰኙን ጀርባ ግን ገልብጣችሁ እንድታዩልኝ እለምናለሁ፤ ሻጫችሁ በገዛ እጁ «ኦርጂናል 150 ዋት ቻርጀር፣ ቅዳሜ ጥር 9» ብሎ ጽፎበታል። ቅዳሜ ስመጣ «ጭነቱ ከአዲስ አበባ አልገባም፣ ከጥምቀት በኋላ ብቅ ይበሉ» ተባልኩ። ታቦታቱ ገቡ፣ ቃና ዘገሊላም አለፈ። ትናንት ስመጣ ያው ሻጫችሁ «ይሄኛውስ ቻርጅ ያደርግ የለም እንዴ?» አለኝ።

ያደርጋል፤ ላፕቶፑ ተዘግቶ ወይም ፊልም ሲታይበት። የሰጣችሁኝ ቻርጀር ጀርባው ላይ 19.5 ቮልት፣ 3.33 አምፔር ይላል፤ ሲባዛ 65 ዋት ነው። ለዚህ ማሽን የሚሆነው 19.5 ቮልት፣ 7.7 አምፔር፣ ማለትም 150 ዋት ነው። ጫፋቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ልክክ ብሎ ይገባል፤ ሰው የሚታለለውም እዚህ ላይ ነው። ጌም ሲከፈት ፕሮሰሰሩ እስከ 45፣ የግራፊክስ ካርዱ (አርቲኤክስ 3050) እስከ 75 ዋት ይፈልጋሉ፤ ስክሪኑና ፋኑ ሳይቆጠሩ 120 ደረሰ። የጎደለው ከባትሪው ይሳባል። ስለዚህ ሶኬት ላይ ተሰክቶም ባትሪው ይወርዳል፣ ቻርጀሩ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል። ባትሪው ሲያንስ ደግሞ ላፕቶፑ ራሱን ለማዳን የግራፊክሱን ኃይል ይቀንሳል። በሴኮንድ ከ60 ፍሬም (ምስል) በላይ ሲሄድ የነበረ የኳስ ጌም 20 እንኳ ሳይሞላ እየተንቀረፈፈ ይቀራል። እንዲህ ከሆነማ አጠገቡ በርካሽ የተደረደረው፣ ደከም ያለ የ1650 ግራፊክስ ካርድ ያለው ላፕቶፕ ከነሙሉ ቻርጀሩ ይሻል ነበር።

ይህንን በትዕግሥት ሳስረዳው መልሱ «ለጌም ከሆነማ ፕሌይስቴሽን አይገዙም ነበር?» የሚል ሆነ። ይቅርታ ይደረግልኝና፣ መስታወቱ ላይ «ጌሚንግ» ብሎ የለጠፈው ማን ነው?

«ከገበያ ሌላ ገዝተው ይሰኩ» የሚል ምክርም ሰጥቶኛል። 150 ተብሎ የሚሸጥ ኦርጂናል ያልሆነ ቻርጀር ሞልቷል። የጫፉ መሃል ላይ ያለችው ቀጭን ፒን ዋቱን ለላፕቶፑ ካልነገረች ማሽኑ ቻርጀሩን አያምነውም፤ ኃይሉን ቀንሶ ነው የሚሠራው። ኦርጂናል ያልኩት ለጌጥ አይደለም።

ለቻርጀሩ ብዬ ዝም ያልኳቸው ሌሎችም አሉ። ራሙ (ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታው) 16 ጊጋ፣ ሁለት ባለ 8 ተብሎ ነበር፤ የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ግን ከሁለቱ የራም ቦታ አንዱ ብቻ እንደተያዘ ያሳያል፣ 8 ጊጋ። አንድ ራም ብቻውን ሲሆን የመረጃ መተላለፊያው በግማሽ ይጠባል፣ ጌም ላይ ወዲያው ይታወቃል። 144 ኸርዝ (በሴኮንድ 144 ጊዜ ምስል የሚያድስ) የተባለው ስክሪንም 60 ላይ ተቀምጦ ነው የተሰጠኝ፤ እሱን እኔው ከሴቲንግ አስተካክያለሁ።

የምጠይቀው ኦርጂናሉን 150 ዋት ቻርጀር እስከ ቅዳሜ ጥር 16 ነው። እንደገና ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ። ስረከብም እዚያው ሱቅ ውስጥ ጌም ተከፍቶ 30 ደቂቃ ይሞከር፤ ባትሪው ከ100 በመቶ ከወረደ አልቀበልም። የጎደለው ባለ 8 ጊጋ ራምም (ዓይነቱ ዲዲአር 4) አብሮ ይሰጠኝ። ካልሆነ ላፕቶፑን መልሼ ሙሉ ገንዘቤን እወስዳለሁ። ደረሰኙ ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለ፤ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየር ወይም ገንዘቡ እንዲመለስ ለሸማቹ መብት ይሰጣል። ቅዳሜ 15ኛው ቀን ነው። የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለከተማው ንግድ መምሪያ አዘጋጅቻለሁ፤ እስከ አርብ ማታ ድረስ ካልደወላችሁልኝ አስገባዋለሁ።

ስልኬ ደረሰኙ ላይ አለ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ